ድምፁ ካለፈ በኋላ፦ የምዕራብ ጎጃም ትውን ጥበባት በምን ማስረጃ ይመለሳሉ?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮች የሞተር ወፍጮ ከገባ ቆየ። ሞተሩ እናቶችን ከሌሊት ድካም ገላግሏል፤ ማንም አስተዋይ ሰው ይህን በረከት አይንቅም። ነገር ግን የድንጋይ ወፍጮው ከጓዳ ሲወጣ የወፍጮው እንጉርጉሮም አብሮት ወጣ። ሴቲቱ የመጁን ምልልስ ምት አድርጋ ለብቻዋ የምታዜመው ያ ዜማ ስለ ባሏ፣ ስለ አማቷ፣ ርቆ ስለሄደ ወንድሟ በሌላ ቦታ የማትናገረውን የምትናገርበት ነበር። ዜማውን የከለከለ የለም፤ የሚዜምበት ሥራ ስለቀረ ቀረ።

የትውን ጥበብ ጠባይ ይኸው ነው። ሐውልት ተመልካች ባይኖረውም ቆሞ ይቆያል፤ ብራናም ሳይነበብ መቶ ዓመት ሣጥን ውስጥ ይተኛል። ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ፉከራና ሙሾ ግን ያሉት ሲከወኑ ብቻ ነው። ካለፉ በኋላ የሚተርፈው ርዝራዥ ነው፦ የተጻፈ ግጥም፣ የተንጠለጠለ መሣሪያ፣ የመንገደኛ ማስታወሻ፣ የፊልም ጥቅል፣ በአንዲት አሮጊት አንደበት የቀረ አዝማች። ከእነዚህ ተነስቶ የጠፋውን ጥበብ መመለስ ይቻላልን? የሚቻል ከሆነስ እስከ ምን ድረስ?

ይህ ዳሰሳ የምዕራብ ጎጃምን ማስረጃዎች በየዓይነታቸው ይመለከታል። የሚሟገትለት ሐሳብም አንድ ነው። በዚህ አገር የጎደለው ማስረጃ አይደለም፤ የጎደለው የማስረጃዎቹ መገናኘት ነው። ቃሉ ኦክስፎርድ፣ የጨዋታው ሕግ ፓሪስ፣ የጭፈራው ፊልም ቡዳፔስት፣ እንቅስቃሴው ደግሞ በቋሪት፣ በሰከላና በደጋ ዳሞት አረጋውያን ጉልበትና ትከሻ ውስጥ ተለያይተው ተቀምጠዋል። አንዱ ያለ ሌላው ጥበቡን አይመልስም።

ምልክቱም መምህሩም ያሉበት

ከጠንካራው ማስረጃ እንጀምር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዜማ በጽሑፍ ምልክትም በሕያው መምህርም ተጠብቆ የቆየ ሥርዓት ነው። ትውፊቱ ዜማውን ለ6ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ምልክቱን ግን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት ይናገራል። ያ ወቅት የኢማም አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥሎ፣ መጻሕፍትን አውድሞ፣ ሊቃውንትን በትኖ ያለፈበት ነበር። የጎጃም ገዳማትም ከዚያ እሳት አላመለጡም። ሊቃውንቱ ዜማውን በምልክት ማሰር የጀመሩት የመጥፋትን አደጋ በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው ማለት ነው።

ከቃሉ በላይ የሚሰፍሩት ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ሒደት፣ ርክርክና ቁርጥ ድምፁ የት እንደሚረግጥ፣ የት እንደሚሳብ፣ የት እንደሚቆረጥ ያመለክታሉ። ከእነዚህ ሌላ ሥረይ የሚባሉት ፊደሎች አሉ። ሥረዩ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ያጠናውን የዜማ ክፍል ያስታውሰዋል፤ ያንን ክፍል በቃሉ ላልያዘ ሰው ግን ፊደሉ ምንም አይነግረውም። ካይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፈሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ያሳተሙት ጥናት የቆዩ ብራናዎችን ምልክት በዘመናችን መምህራን ከሚዜመው ጋር ያመሳከረው በዚህ ምክንያት ነው። ብራናው ብቻውን አይዜምም፤ መምህሩም ብቻውን ዜማው ከዘመን ዘመን ምን ያህል እንደተለወጠ ሊነግረን አይችልም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን የዜማው ታሪክ ይገለጣል።

አቋቋም ደግሞ ከወረቀት የበለጠ ይርቃል። ዝማሜው፣ መረግዱ፣ ጽፋቱ፣ ወረቡ፣ የመቋሚያው አነሣሥና የጸናጽሉ አመታት ከመምህር ወደ ተማሪ የሚሻገሩት በአካል ነው። የተክሌ አቋቋም ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በትውፊቱ መሠረት ስልቱን የፈጠሩት በጨዋታ አዋቂነታቸው ሁሉም የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና ናቸው፤ ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር አስተማሩት፤ ስሙም በልጁ ቀረ። አንድ ሙሉ የእንቅስቃሴ ሥርዓት ከመጥፋት የዳነው አንድ ሰው ወንበር ዘርግቶ ስላስተማረው ነው።

የጎጃም ቅኔ ቤቶች ዝና በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ። ቅኔ በማኅሌት ቆሞ የሚዘረፍ፣ እንደ አዲስ የማይደገም ጥበብ ነውና ሲፈጠርም የሚያልፍ ሆኖ ይፈጠራል። ከተዘረፈው ሁሉ የተረፈው ሰሚ በቃሉ የያዘው፣ አለዚያም እንደ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ ያሉ ሊቃውንት በመጽሐፍ የሰበሰቡት ብቻ ነው። መጽሐፉ ሰምና ወርቁን ይሰጠናል። ቅኔው በተዘረፈበት ቀን የተገኘውን ሕዝብ፣ የተሸነቆጠውን ሹም፣ የመሪጌታውን «ይበል» ግን አይሰጠንም። ይህን የሚሞላው የቅኔ ቤቱ ትዝታ ነው። ያ ትዝታ ዛሬ አደጋ ላይ ወድቋል። የአብነት ተማሪ ከአገር አገር፣ ከመምህር መምህር እየዞረ የሚማር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት ደግሞ በመጀመሪያ የሚዘጋው መንገድን ነው።

ቃሉ ተርፎ ዜማው የጠፋበት

ሁለተኛው ዓይነት ማስረጃ ግጥሙ ተጽፎ ድምፁ የቀረበት ነው። ኢግናሲዮ ጉይዲ እ.ኤ.አ. በ1889 ያሳተማቸው የነገሥታት መዝሙራት በአማርኛ ከተጻፉት ሁሉ ከጥንታውያኑ መካከል ናቸው። ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡትን፣ አፄ ዓምደ ጽዮንን፣ አፄ ይስሐቅን፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብንና አፄ ገላውዴዎስን ያወድሳሉ። በአንድ ድምፅ ተባሉ ወይስ በቅብብል? በከበሮ ወይስ በእምቢልታ? ብራናው አይናገርም። የድግግሞሹ አሰካክ ግን ተቀባይ እንደነበራቸው ያስጠረጥራል። የዛሬውን ፉከራና የሠርግ ቅብብል የሚያውቅ ሰው እነዚያን ግጥሞች ጮክ ብሎ ቢያነብ ከዝምተኛው አንባቢ የተሻለ ነገር ሊሰማባቸው ይችላል።

ወደ ጎጃም ስንቀርብ የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ዘመን ይገጥመናል። ጎሹ ጎጃምንና ዳሞትን በገዙበት ወቅት ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲ ከሰፈራቸው ኖሮ፣ አብሮ ዘምቶ፣ ያየውን በኋላ በመጽሐፍ አሳትሟል። የግብር አዳራሹን ሥርዓት፣ የአዝማሪውን ቦታ፣ የጦር ሜዳውን ፉከራ ከቅርብ የተመለከተ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 በጉር አምባ ጦርነት ጎሹ ከደጃዝማች ካሣ፣ ማለትም ከኋለኛው አፄ ቴዎድሮስ ጋር ሲገጥሙ የጎሹ አዝማሪ ካሣን በግጥም ዘልፎ ነበር። ጎሹ ሞቱ፤ አዝማሪውም ለዘለፋው በሕይወቱ ከፈለ። ግጥሙ ለትውልድ የተላለፈው ቅጣቱ ታሪክ ስላደረገው ነው። የማሲንቆው ስልት ግን ከአዝማሪው ጋር ተቀበረ።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ። ጽሑፍ የሚያተርፈው የነገሥታቱንና የሹማምንቱን ነው። የአራሹን የደቦ ዘፈን፣ የእረኛውን ዋሽንት፣ የልጃገረዶቹን እንግጫ ነቀላ የመዘገበ ዜና መዋዕል አይገኝም። ከጽሑፍ ብቻ የሚነሣ ሰው የጎጃምን ያለፈ ዘመን በሙሉ አዳራሽና ጦር ሜዳ አድርጎ ያየዋል።

ግሽ ዓባይና የጋፋት ድምፅ

የምዕራብ ጎጃም ገጠር በመንገደኞች ማስታወሻ ረገድ ታድሏል፤ ምክንያቱም ሰከላ ያለው የግሽ ዓባይ ምንጭ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ምንጩን አይቷል። ሌላው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦም ከዓመታት በኋላ ስለ ቦታው ጽፏል። ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ደረሰ። ሦስቱም የአገው ሕዝብ ምንጩን እንዴት ያከብር እንደነበር፣ ላምም ይሠዋ እንደነበር ይናገራሉ። ሎቦ እንደጻፈው በየዓመቱ ሕዝቡ ሲሰበሰብ መሪው ላም ሠውቶ የላሟን ራስ ወደ ምንጩ ይጥላል፤ ከዚያም ስብ ተቀብቶ በጭድ ክምር ላይ ተቀምጦ፣ ክምሩ ሲነድ እሳቱ ሳይነካው ለተሰበሰበው ሕዝብ ይናገራል።

ይህ ሥርዓት ክዋኔ ነው፤ ተዋናይ፣ ተመልካች፣ ቦታ፣ ንግግርና አስደናቂ ትርኢት አለው። እንዴት እናንብበው? ፓኤዝና ሎቦ ሥርዓቱን ሊያስተዉ የመጡ ካህናት ናቸው፤ ያዩትን ከሰሙት ሁልጊዜ አይለዩም። ስለዚህ ሦስቱ የሚስማሙበትን፣ ማለትም መሰብሰቡን፣ መሥዋዕቱንና የመሪውን ቦታ እንደ ጠንካራ፤ ሦስቱም ያልተስማሙበትን፣ ማለትም የእሳቱን ትርኢት እንደ ደካማ ማስረጃ መያዝ ይገባል። ምንጩ ዛሬም ቅዱስ ነው፤ ምእመናን ለጸበል ይሄዳሉ፣ የአቡነ ዘርዓ ብሩክን ስም ይጠራሉ። የሥርዓቱ ትርጉም ተለውጦ የቦታው ክብር ቀጥሏል። አጥኚ ወደ ሰከላ ሲሄድ ሊጠይቅ የሚገባው «የድሮው ሥርዓት የት ጠፋ?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ የሕዝቡ አመጣጥ፣ የሚቆምበት ስፍራ፣ የሚባለው ምስጋና ከቀድሞው ምን እንደወረሰም መጠየቅ አለበት።

የጋፋት ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። ጋፋት በዳሞትና በዓባይ ዙሪያ ይነገር የነበረ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ብሩስ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛና ወደ ሌሎች የአገሩ ቋንቋዎች አስተርጉሞ ወሰደ፤ የእጅ ጽሑፉ ኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም በቆየበት ወቅት የጋፋት ቃላትን ሰበሰበ። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲመጣ ብዙ ደክሞ ያገኘው አራት ተናጋሪ ብቻ ነበር። በእነሱ እርዳታ ሰዋስዉን አጠና፤ ቋንቋው ግን አልዳነም።

ዛሬ ከጋፋትኛ ሰዋስው፣ የቃላት ዝርዝርና አንድ የተተረጎመ መጽሐፍ አለን። አንድም የጋፋት የሠርግ ዘፈን፣ አንድም ሙሾ፣ አንድም እሽሩሩ የለንም። ብሩስ የፈለገው የቅዱስ መጽሐፍ ትርጉም ነበር፤ ሌስላው የደረሰው በመጨረሻዋ ሰዓት ነበርና የሰዋስውን አጥንት ለማዳን ተጣደፈ። እናቶች በጋፋትኛ ምን እያሉ ልጆቻቸውን እንዳስተኙ ማንም አልጠየቀም። ሰብሳቢው ያልጠየቀው ነገር ለዘለዓለም ይቀራል። የጎረቤቱ የአዊ አገው ሕዝብ ግን ቋንቋውም ፈረሰኞቹም ዛሬ በሕይወት አሉ። የብሩስን የአገውኛ ትርጉም ከዛሬው አዊኛ ጋር አስተያይቶ ማጥናት ይቻላል፤ የጋፋትኛውን ግን የሚያስተያዩበት ሕያው አንደበት የለም።

ደብተር፣ ሸክላና ፊልም

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሰብሳቢው መሣሪያ ተለወጠ። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928–29 ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን በሚገዙበት ዘመን ወደ አገሩ መጥቶ ያሰባሰበው ነገር ዋጋው ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በፓሪስ ያሳተመው የሐበሻ ጨዋታዎችና መዝናኛዎች መጽሐፍ ሌሎች እንደ ተራ ነገር ያለፉትን የጨዋታ ዓለም በቁም ነገር ያጠና ሥራ ነው። ለጠፋ ጨዋታ ሕጉን ማግኘት ማለት መልሶ መጫወት መቻል ማለት ስለሆነ ይህ ዓይነት ማስረጃ ከሁሉም ቀድሞ ወደ ምዕራብ ጎጃም ትምህርት ቤቶች መመለስ ይገባዋል። ሆኖም እኚሁ ግሪዮል በኋላ በመሩት የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1932 የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ተነቅለው ፓሪስ ገብተዋል። ማዳንና መንጠቅ በአንድ እጅ እንደተሠሩ ሳንሸሽግ መናገር አለብን።

የድምፅ ቅጂው ታሪክ በተሰማ እሸቴ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባሉት ዓመታት በበርሊን በሸክላ ያስቀረጿቸው ዘፈኖች የኢትዮጵያ የመጀመሪያ የንግድ ቅጂዎች ናቸው። የዘመኑን የድምፅ አወጣጥ፣ የማሲንቆውን አካሄድ፣ የግጥሙን ፍጥነት ያለ አስታራቂ እንሰማለን። ነገር ግን የሸክላው ጎን ደቂቃዎች ብቻ ይይዝ ነበርና፣ በድግስ ላይ ሌሊቱን ሊዘልቅ የሚችል ዘፈን ተቆርጦ ነው የገባው። ሸክላውን የሚሰማ የዘመናችን ዘፋኝ ያንን አጭር ርዝመት የጥበቡ ልክ አድርጎ ከወሰደው ይሳሳታል።

ለጭፈራ ትልቁ ምስክር ፊልም ነው። ሀንጋሪያውያኑ ጆርጅ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ እ.ኤ.አ. በ1965 ኢትዮጵያ መጥተው የየብሔረሰቡን ጭፈራና ሙዚቃ አጥንተዋል፤ ማርቲን የጭፈራ ዓይነቶችን፣ ሻሮሺ ሙዚቃውን በጽሑፍ ተንትነዋል። የአማራ እስክስታ ከሌሎች የሚለይበትን፣ እግር ታግሶ ትከሻና ደረት የሚናገሩበትን ጠባይ እንቅስቃሴን በሚያውቅ ዓይን ተመልክተውታል። ስልሳ ዓመት ባስቆጠረ ፊልም ላይ የዚያን ዘመን ጎልማሶች ትከሻ ከዛሬ ወጣቶች ትከሻ ጋር ማስተያየት ለአገር ልጆች ጥናት ክፍት የሆነ ሰፊ ሜዳ ነው።

ቴያትርና ልብወለድ እንደ ምስክር

የጎጃም ማስረጃ ከዘመናዊው ቴያትርም ይገኛል። ከቡሬ ብዙም በማይርቀው በደብረ ኤልያስ የተወለዱት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የቅኔ ቤቱን ችሎታ ወደ መድረክ አሻገሩ። ተውኔቶቻቸው በመዝሙርና በግጥም የተሞሉ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን አልታተሙም። ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ባለቅኔውና ተመራማሪው ዮሐንስ አድማሱ ባደረጉት ጥናት ነው። ጽሑፉ ተገኝቶ ዜማው የጠፋ፣ ዜማው በሰው አፍ ቀርቶ ጽሑፉ የጠፋ፣ ሁለቱም ጠፍተው ርእሳቸው ብቻ የቀረ ሥራ በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን ሊገኝ ይችላል። ዮፍታሔን መልሶ መድረክ ላይ ለማውጣት የሚነሣ አዘጋጅ የቴያትር ባለሙያ ብቻ ሆኖ አይዘልቀውም፤ የደብረ ኤልያስን የቅኔ ሊቃውንት አማካሪ ማድረግ ይኖርበታል። ያ ቋንቋ የተወለደው እዚያ ነውና።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ የምትገኘው ማንኩሳም በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ የታወቀች ናት። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር (1958 ዓ.ም.) የባለ ታሪኩን የበዛብህን ትውልድና ልጅነት በዚያች መንደር አድርጓል። ደራሲው ራሳቸው በጎጃም አብነት ትምህርት ቤቶች ያደጉ ናቸው። የዝክሩን ሥርዓት፣ የቅኔ ቤቱን ኑሮ፣ የባላባቱን ግብዣ፣ የገበሬውን አቤቱታ ሲጽፉ ያደጉበትን እያሰቡ ነው። ልብወለድ ነውና ቀንና ስም አይጠየቅበትም። ማን ከማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን እንደሚቆም፣ ማን እንደሚቀመጥ፣ ሽማግሌ ነገሩን እንዴት እንደሚጀምር ግን ከመዝገብ በተሻለ ያሳያል። ለተዋናይና ለአዘጋጅ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ ደግሞ ራሱ ትውን ጥበብ ሆነ፤ ብዙ ሰው መጽሐፉን ያወቀው በጆሮው ነው።

መሣሪያው የሚናገረውና የማይናገረው

በቤተ መዘክር የተሰቀለ እምቢልታ ምን ይነግረናል? ርዝመቱንና እንጨቱን እንጂ ዘፈኑን አይነግረንም። እምቢልታ በሦስት ነፊዎች የሚነፋ ነው፤ እያንዳንዱ የሚያወጣው ጥቂት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማው የሚወለደው ሦስቱ ሲቀባበሉ ነው። ከሦስቱ ነፊዎች ሁለቱ ሞተው አንዱ ቢቀር ዜማው ቀረ ማለት አይቻልም። መለከቱ፣ እምቢልታውና ነጋሪቱ የሹመት ምልክቶች ነበሩ፤ በጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመንም የክብር ድምፆች እነሱ ነበሩ። ሹመቱ ሲቀር የሚያሰማቸው ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1963 በሃሊም ኤል-ዳብ የተመሠረተውና በኋላ ተስፋዬ ለማ የመሩት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እነዚህን መሣሪያዎች ወደ ኮንሰርት መድረክ በማምጣት አንድ ትውልድ እንዲሰማቸው አድርጓል። ከየአገሩ የመጡትን በአንድነት ማሰለፉ ግን አዲስ ፈጠራ ነበር እንጂ የቀድሞው አዳራሽ ድምፅ አልነበረም።

የበገና ታሪክ ተስፋ ይሰጣል። ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምሩት የነበረው በገና በደርግ ዘመን ትምህርቱ ተቋረጠ። መምህሩ ግን በሕይወት ነበሩ፤ እጃቸውም አልረሳም። ዘመኑ ሲለወጥ ተማሪዎች መጡ፤ ዛሬ በገና የሚደረድሩ ወጣቶች በየከተማው አሉ። መሣሪያው በቤተ መዘክር ቢኖርና መምህሩ ባይኖር ኖሮ እንዝራው እንዴት ተስተካክሎ ያን የሚነዝር ድምፅ እንደሚሰጥ ዛሬ የግምት ጉዳይ ይሆን ነበር።

ከመሣሪያው ጋር የቅኝት ጥያቄ ይነሣል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች ለትምህርት የሚጠቅሙ ናቸው። የገጠር እንጉርጉሮን፣ የሙሾን ወይም የእረኛ ዋሽንትን ዜማ ግን በግድ ከአራቱ በአንዱ ማስገባት፣ ከዚያም በኪቦርድ ድምፅ ማረቅ የተረፈውን ማስረጃ ማበላሸት ነው። አሮጊቷ «ስታ ያዜመችው» የሚመስለን ድምፅ እኛ ያጣነው ትክክለኛው ድምፅ ሊሆን ይችላል።

መድረክ ያዳነውና መድረክ የለወጠው

በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ በጎንደር ፋሲለደስ፣ በወሎ ላሊበላ፣ በጎጃም ደግሞ ግሽ ዓባይ። እነዚህ ቡድኖች ከገጠር ዘፈንና ጭፈራ እየቀሰሙ ለሰፊ ተመልካች አሳይተዋል፤ ብዙ ድምፃውያንንም አፍርተዋል። ባሕር ዳር ያለው የሙሉዓለም የባህል ማዕከልም በዚሁ መንገድ ቀጥሏል። ውለታቸው ትልቅ ነው።

ይሁን እንጂ ስለ ለውጡም መናገር ግድ ነው። መድረክ ጭፈራውን በረድፍ አሰለፈው፤ በክብ ተጋጥሞ እርስ በርስ የሚተያየውን ጨዋታ ፊቱን ወደ ተመልካች አዞረው፤ ልብሱን አንድ ዓይነት አደረገው፤ ሰዓቱን አሳጠረው። ፉከራ ፎካሪው አባቱን፣ ጀግንነቱንና የፈረሱን ስም እየጠራ በሚያውቁት ሰዎች ፊት የሚሰጠው ቃል ነበር። በ1928–33 ዓ.ም. የአርበኝነት ዘመን በቡሬና በዳሞት ከደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ጋር የዘመተ ሰው ሲፎክር ከጎኑ የነበረው ጓዱ ይመሰክርለት ወይም ያፍርበት ነበር። በመድረክ ላይ ይህ ምስክርነት የለም። ሙሾም ከለቅሶ ሲነጠል፣ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ጋሻና ጦሩ ወጥቶ አልቃሿ ታሪኩን በምትደረድርበት ስፍራ ሳይሆን በማይክ ፊት ሲባል ሌላ ነገር ይሆናል። የእንግጫ ነቀላ በዓል በአደባባይ መከበሩም መልካም ነው፤ ልጃገረዶቹ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ከሜዳ ነቅለው፣ ጎንጉነው ወደየቤቱ የሚያደርሱት ግን የአደባባዩ ዝግጅት ሊተካው የማይችል ሥርዓት ነው።

ከውጭው ዓለም ሁለት ትምህርቶች

እ.ኤ.አ. በ1913 በፓሪስ የታየው የኒጂንስኪ የባሌ ዳንስ ሥራ፣ የስትራቪንስኪ «የጸደይ ሥርዓት»፣ ጥቂት ጊዜ ከታየ በኋላ እንቅስቃሴው ጠፋ። ሚሊሰንት ሆድሰንና ኬኔት አርቸር ከንድፎች፣ ከልብሶች፣ ከጋዜጣ ትችቶችና ከምስክሮች ትዝታ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1987 በጆፍሪ የባሌ ቡድን መልሰው አሳዩት። አድናቆቱ ብዙ ነበር፤ ክርክሩም እንዲሁ። ማስረጃ በሌለበት ቦታ የገባው እንቅስቃሴ የማን ነው?

በካምቦዲያ ደግሞ ከ1975 እስከ 1979 (እ.ኤ.አ.) በነበረው እልቂት አብዛኞቹ የቤተ መንግሥት ዳንሰኞች አለቁ። የተረፉት ጥቂቶች ተሰባስበው አካላቸው የያዘውን ለልጆች አስተማሩ፤ ጥበቡም ተመለሰ። የኒጂንስኪን ሥራ የመለሱት ብዙ ወረቀት ነበራቸው፤ ያመጡት ነገር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ካምቦዲያውያን የቀራቸው ጥቂት ሰው ነበር፤ ያዳኑት ግን ሕያው ጥበብ ነው። ለምዕራብ ጎጃም የቅደም ተከተሉ ፍርድ ከዚህ ይወጣል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ከወረቀት በፊት ሰው ይቅደም። አዋቂዎቹ አረጋውያን በሥራቸውና በወቅቱ፣ ሙሉው ጊዜ ሳይቆረጥ፣ እግርና ትከሻቸው እየታየ ይቀረጹ። የወፍጮ እንጉርጉሮ ሲቀረጽ መጁም ይኑር፤ የደቦ ዘፈን ሲቀረጽ ማሳው ይኑር። በፍኖተ ሰላም የመምህራን ኮሌጅ የሚማሩት ወጣቶች ወደየቀበሌያቸው የሚመለሱ ናቸውና ለዚህ ሥራ ከማንም ይቀርባሉ። ሰላም በሌለበት ይህ ሁሉ ምኞት ነው፤ ሰላሙ እስኪገኝ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ በስልኩ የአያቱን ድምፅ መያዝ ይችላል።

ሁለተኛ፣ በውጭ አገር ያለው ማስረጃ ቅጂው ይምጣ፤ መጥቶም በመደርደሪያ አይቅር። የግሪዮል ጨዋታ ለማንኩሳና ለቡሬ ሽማግሌዎች ይነበብላቸው፤ የሀንጋሪያውያኑ ፊልም ይታይላቸው፤ «ይህ እውነት ነው፣ ይህ ተሳስቷል፣ ይህን እኛ ዘንድ እንዲህ እንለዋለን» ይበሉ። የማስረጃ መገናኘት ማለት ይኸው ነው። የእነሱ እርማትም ራሱ አዲስ ማስረጃ ሆኖ ይመዝገብ።

ሦስተኛ፣ የሚመለሰው ሁሉ ደረጃው ይነገር። ሳይቋረጥ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ለብቻ፣ ተቋርጦ በማስረጃና በትዝታ የተጠገነው ለብቻ፣ ከጥቂት ርዝራዥ ተነስቶ አዲስ የተፈጠረው ለብቻ ይጠራ። ሦስቱም ክብር አላቸው። ሦስተኛውን በመጀመሪያው ስም ማቅረብ ግን ለልጆቻችን ሐሰተኛ ርስት ማውረስ ነው።

አራተኛ፣ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የባህል ቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አላት፤ የዩኔስኮን የ2003 (እ.ኤ.አ.) የማይዳሰስ ቅርስ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀብላለች። ያ ስምምነት ቅርስ ቅርስ የሚሆነው ማኅበረሰቡ የእኔ ሲለው ነው ይላል። ስለዚህ የተቀረጸው ሰው ስሙ በፈቃዱ ይጠቀስ፣ ለጊዜውና ለዕውቀቱ ይከፈለው፣ ቅጂው በእጁ ይቅር። አልቃሽ «ይህ ለመድረክ አይሆንም» ካለች አይውጣ።

ከጋፋት የቀረን ሰዋስው ነው፤ ከጉር አምባው አዝማሪ የቀረን ጥቂት ስንኝ ነው። በእነዚያ ላይ ልንጨምር የምንችለው ነገር ጥቂት ነው፤ በምዕራብ ጎጃም ዛሬም በሚያዜሙት፣ በሚያለቅሱት፣ በሚፎክሩትና በሚያስተምሩት ላይ ግን ልንሠራ የምንችለው ብዙ ነው። የጠፋውን ለመመለስ ገንዘብና ዕውቀት የሚመደብ ከሆነ የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ያልጠፋው እንዳይጠፋ ነው፤ የጠፋው የሚጠገነውም ካልጠፋው እየተዋሰ ነውና።